ላሟን ጻፊለት

እኔ ባደግኩባት ሐዋሳ ገጠር የሚጀምረው ከጓሮ አጥር ማዶ ነበር። ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ቦታ ተሰጥቷቸው ከሰፈሩት መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩበት፤ አባቴም አንዱ ነው። መንገዶቿ ከጅምሩ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እንግዳ ሰው ትልቅ ከተማ የገባ ይመስለዋል። ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ሲል ግን በቆሎ ያገኛል፣ እንሰት ያገኛል፣ ከብት የሚያግድ ልጅ ያገኛል። ጠዋት ጠዋት ወተት የሚያመጡልን እናት ከጥቁር ውሃ በኩል በእግራቸው ነበር የሚመጡት። ወተቱን ለክተው እስኪጨርሱ ከእናቴ ጋር ስለ ዝናቡ ይጫወታሉ። ሲዳምኛ የለመድኩትም ከእርሳቸውና ተከትለዋቸው ከሚመጡት ልጆቻቸው ነው።

ዕድሜዬን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አጫጭር ልቦለዶች ጽፌያለሁ፣ ለመጽሔት ጽሑፍ ልኬያለሁ፣ የተማሪ ድርሰት በየዓመቱ በቁልል አርሜያለሁ። «መጻፍ ማን አስተማረሽ?» ለሚለኝ ሰው ግን የምጠራለት ትልቅ ስም የለኝም። ያስተማሩኝ በአንድ ክረምት ያስጠጉኝ፣ ፊደል ያልቆጠሩ የቱላ እናት ናቸው።

መሠረተ ትምህርት በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ በከተሞች፣ ቀጥሎም በየገጠሩ ተዳረሰ። ትምህርቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ጀመር፤ ከእነዚህ አንዱ ሲዳምኛ ነው። ያን ጊዜ ሲዳምኛ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ በላቲን ፊደል መጻፍ የተጀመረው ከደርግ መውደቅ በኋላ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረስን ልጆች ክረምቱን ወደ ገጠር እንዘምት ነበርና በ1976 ዓ.ም. ክረምት ተራው የእኔ ሆነ። የደረሰኝም ከሐዋሳ ወጣ ብላ ካለችው ቱላ ገባ ብሎ ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ነው። ብርድ ልብሴን፣ አንድ ካርቶን ጠመኔና ለማስተማሪያ የተሰጠኝን ፋኖስ ይዤ በጭቃ ገባሁ።

ያረፍኩት ባል የሞተባቸው አንዲት እናት ቤት ነው። ቤቱ በቀርከሃ የተሠራ፣ በሣር የተከደነ ክብ ቤት ነው፤ አንዱ ወገን የሰው፣ ሌላው ወገን የከብት። ማታ ማታ ላሟ ስታመሰኳ እየሰማሁ እተኛለሁ። «እማማ» እላቸዋለሁ፣ «ልጄ» ይሉኛል። ትምህርቱ የሚጀመረው ሰው ከእርሻና ከከብት ከተመለሰ በኋላ ነው። ዶማ የለመደ እጅ ጠመኔ ሲይዝ ጠመኔው ይሰበራል፤ የተሰበረውም በከንቱ እንዳይቀር ልጆች ለቅመው ወስደው በበሩ ላይ ሲጽፉበት ያድራሉ። ወንዶቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ይዘገያሉ። ለምን እንደሚዘገዩ ለማየት ቀን ቀን ወደ ጓሯቸው መሄድ ጀመርኩ።

እንሰት ሲፋቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ ተሰብስበው መሬት ላይ ይቀመጣሉ። ከፊታቸው ጣውላ ዘንበል ተደርጎ ቆሟል። ከግንዱ የተላጠውን ሰፊ ልጥ በአንድ እግራቸው ጣውላው ላይ ረግጠው ይይዙና በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል። ሥጋው ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው በእጃቸው ይቀራል። ሥሩ ለብቻው ይከተከታል። የተፋቀው ሲጨመቅ ከውሃው ሥር ዘቅጦ የሚገኘው ነጩ ነገር ቡላ ነው። ሌላው በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል፤ ቆጮ የሚሆነው እርሱ ነው፣ ሲዳማዎቹ ዋሳ ይሉታል። አንድ እንሰት ለዚህ እስኪደርስ ዓመታት ይወስድበታል፤ እስከዚያም ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል። ጓሮውን የሚያጠግበው የከብት ፍግ ነው። ላም የሌለበት ቤት እንሰቱ ይከሳል፤ እንሰቱ የከሳበት ቤት ደግሞ ሰዉ ይከሳል።

ለእኔ ሁሉም አረንጓዴ ነበር። ለእነርሱ ግን እያንዳንዱ ተክል ስም አለው። ይቺ አዶ ናት፣ ያቺ ጋንቲቾ፣ ከአጥሩ ሥር ያለችው ሚዳሾ። አንዷን ለቡላዋ ይወዷታል፣ ሌላዋን ለቃጫዋ፤ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ተቀቅላ የምትሰጥም አለች። የቅጠሉን አከርካሪ ቀለም፣ የግንዱን ነጠብጣብ እያሳዩ ለዩ ይሉኛል። ስሞቹን የተማሪ ስም በምይዝበት ደብተር ጀርባ መጻፍ ጀመርኩ። ይህን ሲያዩ ሳቁብኝ። «ይሄም ይጻፋል እንዴ?» አለችኝ አንዷ። መጽሐፍ የሚያውቀው የእግዚአብሔርን ቃልና የመንግሥትን ትእዛዝ ብቻ ይመስላት ነበር። እውነቱን ለመናገር እስከዚያ ድረስ ለእኔም ከዚያ ብዙ አልራቀም።

የእማማ ታላቅ ልጅ በ1975 ዓ.ም. በታወጀው ብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄዷል። አንድ ማታ ትምህርቱ ካበቃ በኋላ ደብዳቤ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። እንደ ወጉ ጀመርኩ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ እያልኩ ግማሽ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ወደ ሲዳምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣

«ይህን ማን አለሽ?» አሉኝ።

«ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው፣ እማማ።»

«ደህና ነን ያልሽውን አያምንሽም። ቤት የተቃጠለበትም ደህና ነኝ ነው የሚለው። ላሟን ጻፊለት።»

«ላሟን ምን ብዬ?»

«ወለደች በይው እንጂ! በዴላ ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ። ጥጃዋ ግንባረ ቦቃ ናት። እንደ ተወለደች ቆማ ጠባች።»

ዴላ ከሲዳማ ሳምንት ቀኖች አንዱ ነው። ሳምንቱ አራት ቀን ነው፤ ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ፤ ገበያዎቹም በእነዚሁ ቀኖች ይቆማሉ። ግንባር ላይ ያለ ልጅ በመንግሥት የቀን መቁጠሪያ ቢኖርም፣ ዴላ ሲባል በዚያ ቀን የትኛው ገበያ እንደቆመ፣ እናቱ ምን ይዛ እንደወጣች ያውቃል። ጻፍኩት። ቀጠሉ። እርሱ ተክሎ የሄዳቸው እንሰቶች ከቤቱ በስተ ግራ ተዛውረዋል፤ ሁለቱ ደርቀዋል፣ የቀሩት ይዘዋል። የጎረቤት ልጅ አግብታለች፤ ማንን እንዳገባች ራሱ ይገምት። ወንዙ ድልድዩን ወስዶታል፣ አሁን ሰው የሚሻገረው በላይኛው በኩል ነው።

ክረምቱን ሙሉ ጣሪያው በከብቶቹ በኩል ያፈስ ነበር። እኔም፣ «ጣሪያው ያፈሳል ብዬ ልጻፍ?» አልኳቸው።

«እርሱን ተዪው። እዚያ ሆኖ ምን ያደርጋል? ቀርከሃ ቆርጠን አስቀምጠናል በይው። ይገባዋል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ሰዎች ስለ አጻጻፍ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፤ እኔም አስተምሬያለሁ። ምን እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚተው፣ የተተወውንም አንባቢው ራሱ እንዴት እንደሚደርስበት የእማማን ያህል አሳጥሮ የነገረኝ የለም። በቀረው ክረምት ለጎረቤቶቹም ሁሉ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንኩ። ማንም ሰው ሊያስጽፈኝ ሲቀመጥ የምጠይቀው «ከብቶቹ እንዴት ናቸው?» ብዬ ሆነ። ከከብቶቹ ተነሥተን ወደ ሰዉ ለመድረስ ጊዜ አይወስድብንም።

መልሱ የመጣው መስቀል ካለፈ በኋላ በአባቴ የፖስታ ሳጥን ነው። እኔ ሐዋሳ ተመልሼ ነበርና ደብዳቤውን ይዤ ቱላ ወረድኩ። ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል የለበትም። ድልድዩ የት ጋ እንደተበላ ይጠይቃል፤ ከዚያም «የጥጃዋን ስም አልነገራችሁኝም» ይላል። እማማ ደጋግሜ እንዳነብላቸው አደረጉኝ። ሲያበቃ ለረጅም ጊዜ ወደ ምድጃው ሲያዩ ቆይተው፣ «ስለ ምግብ አላነሣም፤ ርቦታል» አሉ። እኔ ማንበብ የምችለው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነበር፤ እርሳቸው ያልተጻፈውን አነበቡ። በግንቦት 1983 ጦሩ ሲበተን ልጁ ከብዙ ጓደኞቹ ጋር በሱዳን በኩል ዞሮ አገሩ ገባ። ጥጃዋ ያን ጊዜ የብዙ ጥጃዎች እናት ሆናለች።

በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚለው ዝግጅት ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰፈራችን ሰው ሬዲዮ ወዳለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። ሰዉ የሚከተለው የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ነው። እኔን ከእማማ ቤት ከመጣሁ በኋላ የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በጣሊያን አገር እስረኛ ሆነው የኖሩ፣ ከዚያም ረጅም ዘመን በዲፕሎማትነት በባዕድ አገር ያሳለፉ ሰው ናቸው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው ግን የማንኩሳን ድግስ፣ የገበሬውን ግብርና ክርክር፣ የስለቱን ዓይነት ትናንት ከዚያ እንደወጣ ሰው ይዘረዝራል። የፊታውራሪ መሸሻ ገበሬዎች ከልማድ ውጭ የተጠየቁትን ግብር እምቢ ሲሉ አንባቢ አብሯቸው የሚቆመው ምን ሊከፍሉ እንደተጠየቁ በዝርዝር ስለተነገረው ነው። ዝርዝሩ ቢጎድል አመፁ መፈክር ብቻ በሆነ ነበር።

ሐዋሳ ውስጥ ማስተማር ስጀምር ለተማሪዎቼ «ሐይቃችን» የሚል የድርሰት ርእስ ሰጠሁ። ሁሉም ወርቃማ ጨረር፣ የወፎች ዝማሬና የሚያረካ ነፋስ ጻፉ። የሐይቁን ስም ብለውጠው ለጣናም ለዝዋይም ይሆናል። ሐይቁ ከመማሪያ ክፍላችን በእግር የሚደረስ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ በማለዳ ዓሣ ወደሚወጣበት አሞራ ገደል ወሰድኳቸው።

ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን የሚጥሉት ወደ ማታ ነው፤ የሚያነሡት ጎሕ ሲቀድ ነው። እኛ ስንደርስ ጀልባዎቹ እየገቡ ነበር። ቆሮሶው ይበዛል፤ ከእርሱ ቀጥሎ አምባዛና ቢልጫ አለ። ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ቆዳውን ገፈው፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ላይ በቢላ ሁለት ጊዜ ሰንዝረው ያወጡታል። የፈለገ በዳጣ ጥሬውን ይበላዋል፣ ያልፈለገ ያስጠብሳል። አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ደፍተው፣ ጡረታ ለመቀበል እንደተሰለፉ ሽማግሌዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንጀት ሲወረወር ግን ሰልፉ ይፈርሳል። ከበላያቸው ከሾላው ላይ ጉሬዛ ይዘላል። ተማሪዎቼን «የምታዩትን ጻፉ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ። ስሙን የማታውቁት ነገር ካለ ባለቤቱን ጠይቁ» አልኳቸው።

በሳምንቱ ከመጡልኝ ድርሰቶች አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የጻፈችው የዓሣ አስጋሪ ልጅ ናት፤ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ። ስለ ፀሐይ አንድ ቃል የለበትም። ስለ መረብ ነው። አያቷ በሚሠሩት መረብ ቀዳዳ አራት ጣት ያልፍ እንደነበር፣ በአባቷ መረብ ሦስት፣ ወንድሟ አሁን በሚጥለው ሁለት ጣት ብቻ እንደሚያልፍ ጽፋለች። ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ፈልፍላ ልጆቿንም በአፏ እንደምትጠብቅ፣ ሁለት ጣት በሚያሳልፈው መረብ ግን ገና ያልወለደችዋ እንደምትያዝ አስረድታለች። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ወንድሟ ይህን ሁሉ እንደሚያውቅ፣ ግን ማታ ባዶ እጁን መግባት እንደማይችል ይናገራል። ባለሙያዎች ስለ ሐይቁ ዓሣ መመናመን ሲናገሩ ኋላ የሰማሁት ሁሉ በዚያች ልጅ አንድ ገጽ ላይ ነበረ። ባለሙያዎቹ ያላሉት የወንድሟን ነገር ነው።

የሐዋሳ ሐይቅ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ ከ20 ሜትር ጥቂት ያልፋል። ወደ ውስጡ የሚፈስስ የጥቁር ውሃ ወንዝ አለ፤ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። የገባውን ሁሉ ይዞ ይቀራል። ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፤ ጭቃም ሲገባ ጭቃውን ያስቀምጣል። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሞልቶ ዳርቻውን ባጥለቀለቀ ጊዜ በየቀኑ ከሥራ መልስ እየሄድኩ የት እንደደረሰ በደብተሬ እጽፍ ነበር። «ዛሬ ከሾላው ሥር ደረሰ»፣ «የእገሌ አጥር ውሃ ውስጥ ቆሟል»፣ «ጉማሬ ሳር ፍለጋ እስከ መንገዱ መጥቶ አደረ» የሚሉ አጫጭር ነገሮች ናቸው። ዛሬ በፍቅር ሐይቅ በኩል ወጣቶች የሚንሸራሸሩበት ከፍታ ውሃውን ለመመለስ የተሠራ የአፈር ግድብ መሆኑን ስነግራቸው ይገረማሉ። ለመናፈሻነት የተሠራ ይመስላቸዋል።

ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ደግሞ ጨለለቃ ነበረ። ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር ወደ ወንዶ ገነት ስንሄድ የውሃው ገጽ ሲያበራ አይቻለሁ። ሜዳው ወፍ ብቻ ነበር። ከምሥራቅ ተራሮች የሚወርዱት ወንዞች መጀመሪያ ወደ ጨለለቃ ይገባሉ፤ ጭቃቸውን እዚያ አራግፈው በጥቁር ውሃ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይወርዳሉ። ተራራው ሲመነጠርና አፈሩ መቆም ሲያቅተው ጭቃው በዛ፤ ጨለለቃም ከዓመት ዓመት እየሞላ ረግረግ፣ ረግረጉም ግጦሽ ሆነ። አሁን ከብት ያሰማሩበታል፤ ዳር ዳሩ ታርሷል። ሳይንቲስቶች የመጥበቡን መጠን ከሳተላይት ምስል እያሰሉ ጽፈዋል፤ ጥሩ አድርገዋል። ዳሩ ላይ ከብት ያጠጡ ሰዎች ምን እንዳዩ፣ ውሃው መጀመሪያ የራቀው በየት በኩል እንደሆነ፣ የትኛው ወፍ ቀድሞ እንደቀረ ግን ሳተላይት አይነግረንም። ይህን የሚያውቁት አዛውንቶች ናቸው፤ እነርሱም በየዓመቱ ያንሳሉ።

ስለ አዛውንት ካነሣሁ የፊቼ ጨምበላላን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚውልበትን ቀን የሚወስኑት አያንቶ የሚባሉ ኮከብ ተመልካቾች ናቸው። የከዋክብቱንና የጨረቃን አካሄድ ሌሊት ሌሊት አይተው ይቆርጡና ቀኑ ለየጎሳው ይነገራል። በወረቀት የታተመ ካላንደር የለውም። ለአንዱ ፊቼ እማማ ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። በዋዜማው ሰዉም ከብቱም ከእርጥብ እንጨት በተሠራው በር፣ በሁሉቃው ሥር አለፈ። ከዚያ ቤተሰቡ በምግብ ማቅረቢያው በሻፌታው ዙሪያ ተቀምጦ ቅቤ የዋጠውን ቡርሳሜ በላ። በዓሉን የሚያወሱበት ታሪክም የሴት ታሪክ ነው። አንዲት ያገባች ሴት በዓመት አንድ ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ ቡርሳሜ ሠርታ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፤ ጎረቤቱም ከዚያው ይካፈል ነበር ይላሉ። በማግስቱ ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ «አይዴ ጨምበላላ» ይላሉ። በዚያ ቀን ከብት አይታረድም፣ ዛፍ አይቆረጥም። ከብቶቹ ለበዓል ወደ ተከለለው ግጦሽ ይለቀቃሉ።

ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ሐዋሳ ውስጥ ጉዱማሌ ሜዳ ላይ የነበረው ሰው ቁጥር የለውም። ደስ ብሎኛል። በዚያው ሳምንት አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ «አሁን መዝገብ ገባን፤ ኮከቡን የሚያይ ልጅ ግን አጠገቤ የለም» አሉኝ። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። የከተማ መብራት ባለበት ኮከብ አይታይም።

እነዚያን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ግቢዬ ውስጥ ናቸው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ከተመረቀ ወዲህ ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች በልብስ ስፌቱ ይሠራሉ፤ ተጋርተው ቤት ይከራያሉ። ጓሮዬ ካሉት ክፍሎች አንዱን የያዙት ከደጋው የመጡ ልጆች ናቸው። እሑድ እሑድ ልብስ እያጠቡ ከእናቶቻቸው ጋር በስልክ ያወራሉ። ድምፁን ከፍ አድርገው ስለሚያስቀምጡት ሳልፈልግም እሰማለሁ። ዝናቡ ዘገየ። ቡናው አበበ። ቀይዋ ላም ወተቷ ቀነሰ። የተቀበረው ዋሳ ተከፍቶ ጥሩ ሆኖ ተገኘ። «እማዬ፣ እኔ ደህና ነኝ» ትላለች ልጅቷ። እናት ደግሞ አታምናትም፤ «ዛሬ ምን በላሽ?» ትላታለች።

ወሬው በእማማ ቤት በፋኖስ ስጽፈው ከነበረው አልተለየም። ልዩነቱ የእማማ ወሬ በወረቀት ሰፍሮ ሰሜን ድረስ መሄዱ፣ ለመልሱም ወረቀት መምጣቱ ነው። የእነዚህ ልጆችና እናቶቻቸው ወሬ ስልኩ ሲዘጋ ያልቃል። ስለ ገጠሩ ኑሮ ይህን ያህል ሰው በየሳምንቱ ይህን ያህል ሲናገር ከዚህ በፊት የነበረ አይመስለኝም፤ ይህን ያህል ተነግሮም እንደ አሁኑ ሳይያዝ የቀረበት ጊዜ የለም። ለአንዷ ይህን አስረዳኋት። አሁን እሑድ ማታ እናቷ የነገሯትን በሲዳምኛ ስልኳ ላይ ትጽፋለች፤ ቀኑን ታስቀምጣለች፣ የእንሰቱን ዓይነት በስሙ ትጠራለች። አንዳንዴ መጥታ ታነብልኛለች። ስትጽፍ «ለምለሙ የገጠር ምድር» አትልም። ያ የሐዋሳ ልጆች ቋንቋ ነው።

ስለ ገጠር በአማርኛ የሚጻፈው ብዙ ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ገጠሩን ያሞግሰዋል፤ ምንጩ ይንፎለፎላል፣ እረኛው ዋሽንት ይነፋል፣ ማንም አይራብም። ሌላው ያዝንለታል፤ ገበሬው ድሃ ነው፣ ጎብጧል፣ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይለፋል። ሁለቱም ከመኪና መስኮት የተጻፉ ናቸው። በሁለቱም ውስጥ ላም ስም የላትም። ገበሬው ግን ላሙን በስሟ ይጠራል፣ መሬቱን በጎድጓዳውና በጉብታው ይለያል፣ ጎረቤቱን ያማል፣ ሲመሽ ይቀልዳል። አንድ ክረምት አብሮ ያደረ ሰው ይህን ያውቃል።

ስለዚህ ይህን ለሚያነብ ሰው የምለው አጭር ነው። ጸሐፊ እስክትሆኑ አትጠብቁ። አንድ ደብተር ግዙ፤ ቀኑን ጻፉ፤ ዝናቡ መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳቆመ፣ ወተቱ በስንት እንደተሸጠ፣ የትኛው ወፍ እንደመጣና የትኛው እንደቀረ አስፍሩ። እናታችሁ ወይም አያታችሁ ገጠር ካሉ ደውሉና ከብቶቹን በስማቸው ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ሳታሳምሩ በዚያው ቀን ጻፉት። ሐዋሳ ያላችሁ ደግሞ ጠዋት አሞራ ገደል ውረዱና የመረቡን ቀዳዳ ለኩ። ጨለለቃ ዓይናችን እያየ ሄዷል፤ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ለልጆቻችን የሚተርፈው ዛሬ የምንጽፈው ነው።